ሞጣ ድረስ ሄጄ የጋሽ ይበልጣልን መኪና ዘይት ያቆምኩበት አምስት ቀን

ቢቸና ውስጥ ሞተር ሲታመም የሚጠራው እኔ ነኝ። ይሄን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው። እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት መኪና ሥር ተንጋልዬ ነው። ብረት ጆሮዬ ላይ ደግኜ ሞተር ስለማዳምጥ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል። ስሜ ግን አንተነህ ነው።

ከሞጣ ከተመለስኩ ወዲህ ጋራዤ የሚመጣ ሰው ሁሉ «እውነት ነው ወይ? እንዴት አድርገህ አቆምከው?» እያለ ቁልፍ አላስጨብጥ ብሎኛል። ስለዚህ አንዴ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፣ በአንድ ጣት፤ ሌሎቹ ግራሶ ስላለባቸው። እዚሁ ተወልዳችሁ እዚሁ የምታረጁ፣ ሞጣን በስም ብቻ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። እኔ አይቼላችኋለሁ።

ሰኞ

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ጋሽ ይበልጣል የእናቴ አጎት ናቸው። ሞጣ ሰም እየገዙ ጧፍ ይሠራሉ። አንዲት ፒክአፕ አለቻቸው፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። በየዓመቱ ለኅዳር ማርያም፣ ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው በኩል ገባ ብላ ላለች አንዲት የገጠር ማርያም ጧፍ ጭነው ይወስዳሉ። ስለታቸው ነው። ደጁ ድረስ ነበር የሚያስገቧት። አምና ግን መኪናዋ ቆማ ስታንጠባጥብ ውላ፣ ሰው ወድቆ የሚሰግድበት ድንጋይ ላይ የዘይት ኩሬ ሠራች። የስንቱ ነጠላ ጠቆረ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም በትሕትና ነገሯቸው፦ ጧፉ ይግባ፣ መኪናዋ ከቅጥሩ ውጭ ትቅር።

እና ከመሄዴ በፊት ባለው ቅዳሜ ደወሉልኝ።

«አንተነህ፣ በዓሉ ዓርብ ነው። ሰዎቹን አንድ ዕድል ለምኛቸዋለሁ። ዓርብ ደጁ ላይ ቆማ አንድ ጠብታ ከጣለች በነጋታው ለቁራሌ ነው የምሰጣት። ቆራርጦ ይውሰዳት። ከማርያም ደጅ የምታስባርር መኪና አልነዳም።»

«ጋሼ፣ እንዲያውም አምስት ቀን ይበዛብኛል» አልኳቸው።

ስልኩን ስዘጋ ጋራዡ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ እየሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን ሞላሁ። ቁልፎቼ፣ ሁለት ቱቦ ማሸጊያ ሲሊኮን፣ መቀስ፣ ትንሽ መዶሻ፣ አንድ የውሃ ፕላስቲክ አፉ ድረስ ሙሉ የሞተር ዘይት። ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት እናት ጎን ተቀመጥኩ። እሳቸው እግራቸው ሥር የበርበሬ ከረጢት አድርገዋል፣ እኔም ቦርሳዬን ከረጢቱ ጎን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ፀሐይዋ በመስኮት ገባች፣ ቦርሳዬ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ረዳቱ ወለሉን አየና «ይሄ ዘይት የማን ነው?» አለ።

የኔ ነበር። የፕላስቲኩ ክዳን በሙቀት ተገፍቶ ዘይቱ በወለሉ ላይ እየሄደ ነው፤ ወደ እናቲቱ ጫማ።

«ልጄ፣ ሥራህ ምንድነው?» አሉኝ፣ እግራቸውን እያነሡ።

«መካኒክ ነኝ እናቴ። ሞጣ የምሄደው ዘይት የሚያፈስ መኪና ላቆም ነው።»

«እንግዲያ እዚሁ ጀምር» አሉ።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩ መሪ ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ያስፈራል። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። እናቲቱ ግን ነጠላቸውን የጠቀለሉበትን ላስቲክ ፈትተው ሰጡኝ፣ ፕላስቲኩን ጠቀለልኩበት፤ የበርበሬ ከረጢታቸውንም ጭናቸው ላይ አወጡት። ጉንደ ወይን ስንደርስ ሰው ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ የሽምብራ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አፈሰሱልኝና «ብላ፣ ሥራህ ከባድ ነው» አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው ይሁን እስከ ቀራንዮ ድረስ ሳስብ ሄድኩ።

ሞጣ ከቢቸና ትሰፋለች፣ አልክድም። ባጃጁ ብዙ ነው፣ ገበያው ሰፊ ነው፣ የመስጊዱ ማይክና የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ተራ እየተጠባበቁ ያወራሉ። ግን ቢቸና አንድ ሰው በስሙ ስትጠሩ ሦስት ሰው ይዞራል፤ ሞጣ መንገድ ጠይቄ ማንም አላወቀኝም። እኔን ሳያውቁ እንዴት እንደሚኖሩ ገረመኝ።

ጋሽ ይበልጣል መናኸሪያ ድረስ መጥተው ነበር፣ በእግር። ጉንጬን በዚህም በዚያም ስመው ስመው ሲጨርሱ «ከሳህ» አሉኝ። ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ እጄን አስታጠቡኝና ሽሮ በስልጆ አቀረቡ፤ ጾም ነው። የሞጣ ሽሮ ከቢቸና ሽሮ ይቀጥናል። ስልጆው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እናቴ እንዳትሰማ፣ ከኛ ይበልጣል።

እጄን ሳልታጠብ ግቢ ወጣሁ። መኪናዋ እንጨት አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ከሆዷ ሥር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጦላታል። ሳፋው ግማሽ ድረስ ጥቁር ዘይት ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያዋ ዘንግ በክር ታስራለች፣ ልክ እንደሚያመልጥ ጥጃ። ሳቅኩና ክሩን ፈታሁት።

«ጋሼ፣ ይቺን ነገ አድናታለሁ» አልኳቸው።

ማክሰኞ

በጠዋት ሞተሩን አጠብኩ። መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ። የቆሸሸ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ አይናገርም፤ ዘይት ከላይ ወርዶ፣ ነፋስ ገፍቶት፣ ከታች ነው የሚታየው። ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ጠብታው ያለበትን ይዘጋል።

ቆሻሻው ሲለቅ ምን አገኘሁ? ሲሊኮን። በሲሊኮን ላይ ሲሊኮን። ከሥር ጥቁር፣ በላዩ ቀይ፣ በላዩ ግራጫ። በቢላዋ ስልጠው ጋሽ ይበልጣል አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያስተዋውቁኛል።

«ቀዩ የባሕር ዳሩ ልጅ ነው። ግራጫው እዚሁ የማስተር ስሜነህ።»

«ጥቁሩስ?»

«ጥቁሩን እኔም አላስታውስ፤ ሞቶ ይሆናል።»

አሁን ስሙኝ፣ ይሄ ለናንተም ይጠቅማል። አሮጌ ሞተር ለምን ያፈሳል? ብረት ከብረት ጋር ሲገጥም እኩል አይገጥምም፤ መሀሉ ጓርኒሽን የምንለው ስስ ልባስ ይገባል፣ ከቡሽ ወይ ከጎማ ወይ ከወረቀት የተሠራ። እሱ በሙቀትና በብርድ ዓመት ዓመት ሲበስል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል። የሚሽከረከር ዘንግ የሚወጣበት ላይ ደግሞ ፓራኦሊዮ አለ፣ የጎማ ቀለበት ነው፤ እሱም ከንፈሩ ይደርቅና ዘንጉን መያዝ ያቅተዋል። ቡሎኑ በንዝረት ይላላል። ሰውየው ሲያፈስ ያይና ቡሎኑን በጉልበት ያጠብቃል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ ይጣመማል፣ ጓርኒሽኑ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ባሰ። ሲሊኮን ደግሞ ሲበዛ ወደ ውስጥም ይገባል፤ ቁርጥራጩ ዘይት መምጠጫውን ቢደፍን ሞተሩ ዘይት ተጠምቶ ይሞታል። ሲሊኮን እንደ ቅባት ነው፣ ስስ ተደርጎ፣ በደረቅና በንጹሕ ላይ። እንደ ምርጊት የሚለጥፉትን እኔ ጋራዥ አላስገባቸውም።

ካጠብኩ በኋላ የሚያፈስበትን ለማግኘት ነጭ ዱቄት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ሲወጣ ነጩ ላይ መንገዱን ይጽፋል። እትዬ ሙሉን የስንዴ ዱቄት ጠየቅኳቸው።

«ለሞተር?»

«ለሞተር እትዬ።»

«እግዚአብሔር የሰጠውን እህል ለሞተር አልሰጥም» አሉ። ትንሽ ቆመው አሰቡና አጥር ተሻግረው ከጎረቤት አራስ የሕፃን ፓውደር ይዘውልኝ መጡ። አራሷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሽፍታ ወጣባት እንዴ?» አለች።

ሞተሩን በሙሉ ነፋሁበት። ግቢው ሕፃን ሕፃን ሸተተ። አስነሣናት፣ ትንሽ ሠራች፣ አጠፋናት። ነጩ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ወጣ። አንዱ ከላይኛው ክዳን ዙሪያ፤ ሌላው ከኋላ፣ ሞተሩና የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ከሚገናኙበት። የላይኛው ቀላል ነው። የኋላው የፓራኦሊዮ ቦታ ነው፤ ለመድረስ ካምቢዮው ይወርዳል።

«መጀመሪያ ቀላሉን» አልኩ፣ የመረጥኩት እንዲመስል።

የክዳኑ ጓርኒሽን ለዚህች መኪና ሞጣ የለም፤ ሌላም ቦታ ያለ አይመስለኝም። መለዋወጫ የሚሸጡት አቶ ኑሩ ግን መደርደሪያ ላይ ወጥተው፣ ከላይ ሁለት ጣት አቧራ ያለበት የቡሽ ጥቅል አወረዱልኝ። «ይሄን አባቴ ነው የገዛው። የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር» አሉ። ሱቃቸውን ቆልፈው አብረውኝ መጡ፣ ሲቆረጥ ለማየት። ክዳኑን ቡሹ ላይ አስተኝቼ ጠርዝ ጠርዙን በትንሿ መዶሻ ቀስ ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ብረቱ ራሱ ቡሹን ይቆርጠዋል። ቀዳዳዎቹን በጥይት ቀለህ በሳሁ። ሲያልቅ አቶ ኑሩ አንሥተው በፀሐይ በኩል አዩት፤ «ፋብሪካ» አሉ፣ አንድ ቃል። እኔ ያን ቃል እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ገጠምኩት። ቡሎኖቹን ከመሀል ወደ ጠርዝ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ። ጋሽ ይበልጣል «አጥብቀው እንጂ» ቢሉኝም አላጠበቅኩም። ከኋላ ያለውንም ያገኘሁትን ቡሎን ሁሉ አጥብቄ፣ ዘይቱን ልኩ ድረስ ሞልቼ፣ «ግቡ» አልኳቸው። በቀራንዮ መንገድ ሄደን ተመለስን። ቆንጆ ሄደች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በቀጥታ ቤት መግባት እችል ነበር። እኔ ግን መኪናዋን ወስጄ በማስተር ስሜነህ ጋራዥ በር ላይ አቆምኳት። ስሜነህ የሞጣ መካኒክ ነው፣ ግራጫው ሲሊኮን የሱ መሆኑን አስታውሱ። ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ እጁን እየጠረገ የሚወጣ ሰው።

«የቢቸናው ዶክተር አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ግራጫህን መልሼልህ መጣሁ» አልኩና የላጥኩትን ሲሊኮን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ተቀበለኝ፣ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር አየ። «ታካሚህ ደማች» አለኝ።

አየሁ። ጠብታ ከኋላ። ጠብታ ከጎን። አዲሱ ቡሼ፣ «ፋብሪካ» የተባለው፣ በአንድ ጠርዙ ላብ ላብ ብሎታል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ባለባጃጅ «ዶክተር፣ ስፌት ያስፈልጋታል» አለ።

ስሜነህ ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ ቢሆን ወሬዬን ይዞ ከተማውን ይዞርብኝ ነበር። እሱ ግን እጄን ይዞ ጎን ያለች ምግብ ቤት አስገባኝና የጾም ፍርፍር አዘዘ። የቢቸና ፍርፍር ቃሪያው ይበዛል፤ ይሄኛው ሽንኩርቱ። ያን ቀን ግን ጭድም ቢሆን አልለይም ነበር።

«እኔ ሁለት ዓመት ታግያታለሁ» አለኝ። «ካምቢዮው ይውረድ፣ ፓራኦሊዮው ይቀየር። ዕቃው ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው። ሳምንት ይፈጃል።»

«ዓርብ እኮ ነው በዓሉ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው በዚህ ሳምንት ያልነካኋት» አለ።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ይበልጣል መኪናዋን ቦታዋ አቆሟት፤ ከዚያ ሄደው ያንን ሳፋ ራሳቸው አምጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከሆዷ ሥር አስገቡላት። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ማታ ስንበላ ለእትዬ ሙሉ «ጧፉን የሚሸከሙልን ሰዎች ይነገራቸው፤ ከአጥሩ ውጭ ነው የምናቆመው» ሲሉ ሰማሁ። እራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሐሙስ

ስነቃ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቢቸና ልሂድ ወይስ መርጡለ ማርያም ገብቼ ልመንኩስ እያሰብኩ ነበር። ግን ዘይቷን ሳላይ መሄድ አልሆንልህ አለኝና ኮፈኑን ከፈትኩ።

የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ከቱቦዋ ስንዝር ያህል ወጥታ ቆማለች። ትናንት እስከ መጨረሻው ገፍቼ ነበር የመለስኳት። መልሼ አስገባሁና ሞተሩን አስነሣሁ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች፣ ማንም ሳይነካት፣ ወጣች።

እትዬ ሙሉ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ዘንግ በክር ያሰራት ማነው?»

«እኔ ነኝ። በጧፍ ክር። እየወጣች ትወድቃለቻ፣ ሁለቴ መንገድ ላይ ጠፍታብን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናታል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅከኝ?» አሉ፣ ልብሱን እያራገፉ። «ስትስቅ አየሁህ፤ የገባህ መስሎኝ።»

ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን መሙያ ክዳን ፈታሁ። ገና ሳላነሣው ፍስ ብሎ ከእጄ ዘለለ፣ ፊቴ በዘይት ጤዛ ተሞላ። ገባኝ። እግዚአብሔርን፣ ገባኝ።

ይሄን በደንብ አንብቡ። ሞተር ይተነፍሳል። ከሚነደው ጭስ ትንሽ ትንሽ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። አዲስ ሞተር ላይ ጥቂት ነው፤ ሲያረጅ ይበዛል። ያ ትንፋሽ እንዲወጣ አንድ ቱቦ ተበጅቶለታል፣ መተንፈሻ። እሱ ከተዘጋ ትንፋሹ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል፤ በክዳኑ፣ በፓራኦሊዮው፣ በዘንጉ። ያን ጊዜ ወርቅ ጓርኒሽን ብትገጥሙ አይችልም።

ሞተሩን አጥፍቼ እጄን ከኋላው ሰደድኩ። ማንም የማያይበት፣ ስናጥብም የማይደረስበት ቦታ፣ አንድ ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉን ዳሰስኩ። ድፍን ነው። በጥፍሬ ቧጠጥኩና አወጣሁ፣ አሸተትኩት። ማር ማር ይላል።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እዚህ ቱቦ ውስጥ ሰም አለ።»

ጋሽ ይበልጣል ከጓዳ ጧፍ እያሰሩ ነበር፤ እጃቸው ላይ ክር እንደተጠመጠመ ወጡ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት» አሉ። ምንም አላፈሩም። «ከዚያች ቱቦ ጭስ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ዘይት ጠብ ይላል። ይቺ ናት የምታፈሰው ብዬ፣ ጨርቅ በሰም ነክሬ ጠቀጠቅኩባት። በላዩም ሰም አፈሰስኩበት። ቀጥ አለች፣ ከዚያች ወዲያ ጠብ አላለችም።»

«መቼ ነበር?»

«ማፍሰስ ከመጀመሯ…» አሉና ዘወር ብለው እትዬ ሙሉን አዩ። እትዬ ሙሉ ዘወር ብለው ልብሱን አዩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያነቅኳት እኔ ነኝ?»

«ጋሼ፣ የሚያጽናናዎት ከሆነ፣ ሦስት መካኒክ የደፈነው ሁሉ ለቆ የእርስዎ ሰም ብቻ ነው የቻለው» አልኳቸው። ሳቃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግንቡን ተደግፈው ሳቁ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ።

ቱቦውን አውጥቼ በፈላ ውሃ ቀቀልኩት፤ ሰሙ ቀለጠ፣ ጨርቁን በሽቦ ጎትቼ አወጣሁ፣ አንድ ክንድ ይሆናል። መልሼ ገጠምኩ። ስናስነሣት ከቱቦው ጫፍ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ልክ በብርድ ጠዋት ሰው እንደሚተነፍስ። ዘንጓ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የመሙያውን ክዳን ፈትቼ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ግን የቱቦዋ ጠብታ ራሱ ደጁን እንዳያቆሽሽ ጫፏ ላይ የላስቲክ ቱቦ ቀጥዬ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አስገባሁት፤ ክዳኑን በምስማር በሳስቼ፣ ትንፋሹ እንዲወጣ። ጣሳው ያው የአራሷ ነው። ያቺ ሕፃን ሳታውቀው ግማሹን ሥራ ሠርታለች።

ወደ ቀራንዮ ነዳናት፣ ተመለስን። የማስተር ስሜነህ በር ላይ አቆምኳት፣ አሁንም። ሰው ተሰበሰበ። ስሜነህ ከሥሯ ነጭ ካርቶን አነጠፈ። ቆመን ጠበቅን፤ ባለባጃጁ ተሳፋሪ አድርሶ ተመለሰና አሁንም ቆመን አገኘን። ስሜነህ ካርቶኑን ስቦ አወጣ፣ ገለበጠው፣ እንደገና ገለበጠው።

«ምን አደረግካት?»

ነገርኩት። ጋሽ ይበልጣልን ሳላስወቅስ፣ «የሆነ ሰው» ብዬ።

አልሳቀም። ወደ ጋራዡ ገባ፣ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ ጭነት መኪና ነበረች፣ ኮፈኗን ከፍቶ እጁን ከሞተሩ ኋላ ሰደደ። እኔ ከዚያ የበለጠ ጭብጨባ አልፈልግም። ግን እውነት ለመናገር፣ ያች የኋላ ቀለበት አርጅታለች፤ ከበዓሉ በኋላ ካምቢዮውን አውርዶ እንዲቀይራት ለሱ ትቼለታለሁ። ወንድም ነው።

ዓርብ

በጠዋት ጧፉን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለልን ጫንን። እትዬ ሙሉ መሀል ተቀመጡ፣ እኔ ከበሩ በኩል፣ የእናቴ አጎት መሪው ላይ። ከዋናው መንገድ ስንታጠፍ የጤፍ ማሳ በግራ በቀኝ፣ አጫጆቹ ለበዓሉ ቆመዋል። መንገዱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ በመታን ቁጥር ጋሽ ይበልጣል ወደኔ ያያሉ፤ እኔ ወደ ውጭ አያለሁ። በልቤ ግን ያንን ቡሽ አንድ በአንድ እየዳሰስኩት ነበር።

ቅጥሩ በር ላይ ዘበኛው ዱላውን አግድም አድርጎ ቆመ።

«ጋሽ ይበልጣል፣ መኪናዋ ውጭ ነው የተባለችው።»

«ለዛሬ ለምኛለሁ። ሊቀ መንበሩን ጠይቅ።»

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ፣ ረጅም ሽማግሌ። መኪናዋን ዞሯት። «ቃሌ ቃል ነው፤ ትግባ። ቅዳሴው እስኪወጣ ትቁም። ከዚያ አያለሁ» አሉ። ደጁ ድረስ ገባች። አምና ያጠቆረችው ድንጋይ ላይ፣ እዚያው ላይ አስቆሟት፤ ሽማግሌው በዱላቸው ቦታውን አሳዩ። ድንጋዩን በአመድና በአሸዋ ፍቀውታል፣ ጥላው ግን አሁንም አለ።

ጾም ነውና ቅዳሴው ረጅም ነው። እኔ ስንት ጊዜ ወጥቼ ወጥቼ እንደተመለስኩ አትጠይቁኝ። ሴቶቹ በመኪናዋ ጎን እያለፉ ይሰግዳሉ፣ ነጠላቸው መሬቱን ይጠርጋል። አንዷ ልክ ከሞተሩ ፊት ግንባሯን ድንጋዩ ላይ ስታደርግ ትንፋሼን ያዝኩ፣ መተንፈሻዬን የደፈኑት መሰለኝ። ተነሣች። ነጠላዋ ነጭ ነው።

ቅዳሴው ሲወጣ ሽማግሌው መጡ። ሰውም ተከተላቸው፤ ወሬው ደርሷል። ዱላቸውን ለዘበኛው ሰጡ፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ክንዳቸውን ከመኪናዋ ሥር አስገብተው ድንጋዩን በመዳፋቸው አበሱት፣ ከፊት እስከ ኋላ። መዳፋቸውን አላዩም። ቀጥ ብለው ደረታቸው ላይ፣ ነጭ ጋቢያቸው ላይ አሳረፉት። ከዚያ ነው እጃቸውን ያነሡት። ሁላችንም ጋቢውን አየን።

«ለከርሞ ከጥላው ሥር አስጠጓት፤ ፀሐይ መታት» አሉና ሄዱ።

እልልታውን እትዬ ሙሉ ናቸው የጀመሩት። ጋሽ ይበልጣል እየዞሩ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «የእህቴ ልጅ ልጅ ነው፣ የቢቸና ዶክተር» ይላሉ፤ ሰዎቹም ይመርቁኛል፣ እኔም በተመረቅኩ ቁጥር ቁመቴ ይጨምራል። ዳቦና ንፍሮ ቀረበ፣ የባቄላ ነበር፤ የቢቸናው ይሻላል ልል ነበር፣ ግን በልቼ በልቼ ስላላቆምኩ አፌን ያዝኩ።

በልተን ስንጨርስ ወደ ጉንደ ወይን የምሄድበት ሰዓት ደረሰ፤ የመጨረሻዋን የቢቸና ሚኒባስ ካልያዝኩ ማደር ነው። ጋሽ ይበልጣልን ፈለግኳቸው። ከሰዎቹ ጋር የሉም። ዳቦው የሚቆረስበትም የሉም። እትዬ ሙሉ በአገጫቸው አሳዩኝ።

ነጩን ጋቢያቸውን ድንጋዩ ላይ አንጥፈው፣ ልክ ከሞተሩ ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ልቀሰቅሳቸው ጎንበስ አልኩ፣ ተውኩት። ሚኒባሷ አመለጠችኝ። ታምልጠኝ።